ማን አስቀድሞ ይስጥ?

አባቴ በአዘና ገበያ ፈረሱን በበቅሎ በለወጠበት ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ነገሩ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ሰዎች የየራሳቸውን ገመድ እንደ ያዙ ፊት ለፊት ቆሙ። አባቴ ፈረሱን ቢለቅ ሰውየው ሁለቱንም ይዞብኝ ይሄዳል ብሎ ይፈራል፤ ሰውየውም እንደዚሁ ይፈራል። በመጨረሻ አንድ የታወቁ ሽማግሌ መካከል ገብተው ሁለቱንም ገመድ ተቀበሉና አገላብጠው ሰጡ። በሳምንቱ በቅሎዪቱ አንካሳ መሆኗ ሲታወቅም አባቴ የሄደው ወደ እኒሁ ዋስ ነበር፤ ለውጡም ቀረ።

ከኀምሳ ዓመት በኋላ ይህን ነገር ያስታወሰኝ የእኅቴ ልጅ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርቱን ጨርሶ ለበዓል ወደ አዘና በመጣ ጊዜ አንድ ልመና አቀረበልኝ፤ ይኸውም ለከሰል ከሸጥሁት የዲከረንስ ዛፍ ያገኘሁትን ገንዘብ እንዳበድረው ነው። ክሪፕቶ የሚባለውን፥ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ብቻ የሚኖረውን ገንዘብ፥ አንዱን ዐይነት በሌላው እየለወጠ ሊነግድበት አስቧል።

«ጋሼ፥ በዚህ ለውጥ ደላላ የለበትም፤ ዋስም አያስፈልግም» አለኝ።

«እንግዲያስ ማን አስቀድሞ ይሰጣል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ፈገግ አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ሥዕል የሌለበት ጥቁር መስኮት ታየ። በዚህ መስኮት ሰው ትእዛዙን በፊደል እየጻፈ ያዝዛል እንጂ የሚነካው ምልክት የለም፤ አሠራሩንም ኮማንድ ላይን ይሉታል። ለመለማመጃ የተዘጋጀ፥ ዋጋ የሌለው ገንዘብ ነበረውና አዲስ አበባ ካለው ጓደኛው ጋራ ይለዋወጥ ጀመር። ቀኑ ቅዳሜ፥ ሰዓቱም ከቀኑ 10 ነበር። እኔም በርጩማዬን አስጠግቼ እመለከት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀማሪው፥ ማለት ጓደኛው፥ አንድ የምስጢር ቍጥር ያዘጋጃል፤ ከምስጢሩም ማኅተም ይወጣል። ከምስጢሩ ማኅተሙን ማውጣት ቀላል ነው፤ ከማኅተሙ ተነሥቶ ምስጢሩን ማግኘት ግን አይቻልም። ጓደኛው ገንዘቡን በዚህ ማኅተም ለ48 ሰዓት ቈለፈ። የእኅቴ ልጅ ደግሞ «ውሉን መርምር» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ መጠኑንና ጊዜውን አረጋገጠ። በዚህ ጊዜ አያቴ ትዝ አለችኝ፤ የማርያ ቴሬዛን ብር ስትቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳትቈጥር ወደ መቀነቷ አታስገባም ነበር። ልጁ ከመረመረ በኋላ የራሱን ገንዘብ በዚያው ማኅተም ለ24 ሰዓት ቈለፈ። እንግዲህ ጓደኛው የልጁን ገንዘብ ለመውሰድ ምስጢሩን መግለጥ ግድ ይሆንበታል፤ የተገለጠውም ምስጢር የጓደኛውን ቍልፍ ለልጁ ይከፍትለታል። ጓደኛው ሳይወስድ ቢቀር ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ሁለቱም የየራሳቸውን መልሰው ይወስዳሉ።

ይህን ሐሳብ በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቲየር ኖላን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ነው። በሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ዲክሬድ የሚባለው ገንዘብ ባለሙያዎች መሣሪያውን ሠርተው አወጡ፤ የላይትኮይን ፈጣሪ ቻርሊ ሊም በዚያው ወር 1.337 ላይትኮይን ሰጥቶ 2.4066 ዲክሬድ ተቀበለ።

እውነቱን ልናገርና በጣም ተደነቅሁ። ሽማግሌው የያዙትን ሁለት ገመድ አሁን አንድ ቍጥር ይዞታል! ገንዘቡን ላበድረው ልቤ አዘነበለ።

ነገር ግን ሁለቱም ከቈለፉ በኋላ፥ ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። ላፕቶፑም ጥቂት ቈይቶ ባትሪው አለቀ። በኵራዝ ብርሃን የልጁን ፊት ሳየው ጨዋታውን ትቷል።

«ምነው?» አልሁት።

«ጓደኛዬ ምስጢሩን ገልጦ የእኔን ከወሰደ፥ እኔ 48ቱ ሰዓት ሳያልቅ ምስጢሩን አንብቤ የእሱን መውሰድ አለብኝ። ጊዜው ካለፈ የራሱንም መልሶ ሊወስደው ይችላል» አለኝ።

እሑድን ሙሉ መብራት አልመጣም። ሰኞ በማለዳ በመኪና ተሳፍረን ወደ እንጅባራ ሄድን። መብራትና ኔትወርክ ያለው አንድ ሻይ ቤት ገብተን ላፕቶፑን ሰካነው። ጓደኛው ድርሻውን ቅዳሜ ማታውኑ ወስዶ ኖሯል። ልጁ «ምስጢሩን አውጣ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም የራሱን ድርሻ ወሰደ። ሊያልቅበት የቀረው አምስት ሰዓት ብቻ ነበር።

ዋጋ የሌለው ገንዘብ ስለ ሆነ ቢጠፋም የሚያለቅስ አልነበረም። ጓደኛውም ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ የዛፌ ዋጋ፥ ወዲያ ማዶ ያለውም የማናውቀው ሰው ቢሆን ኖሮስ? ዋስ አያስፈልግም የተባለው ለካ ዋሱ መብራትና ሰዓት ሆነው ነው! የአባቴ ሽማግሌ መብራት ቢጠፋ አይጠፉም፤ አንካሳ በቅሎም ቢገኝ ይመልሱ ነበር። ይህ ቍልፍ መስጠትና መቀበልን ይጠብቃል እንጂ የተቀበሉት ነገር ነገ ዋጋው ቢወድቅ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ በክሪፕቶ መክፈል እንደማይፈቀድና የአገሪቱ ገንዘብ ብር እንደ ሆነ አሳስቧል። እንግዲህ ቢበላሽ ለማን አቤት ይባላል?

ይህን ሁሉ እያሰብሁ፥ ልቡን ሳልሰብር እንዴት እንደምከለክለው ስፈልግ፥ እሱ ሻዩን አስቀመጠና ቀደመኝ።

«ጋሼ፥ የዛፉ ገንዘብ ይቈይ። ትምህርቱን ግን አልተወውም» አለኝ።

«አትተወው፤ እኔም እስቲ ደግመህ አሳየኝ» አልሁት።

ወደ አዘና ስንመለስ መብራቱ መጥቶ ነበር። ከዛፉ ዋጋ ከፊሉ በክረምቱ ለአዲስ ችግኝ መግዣ ሆነ። ዲከረንስ ለከሰል እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። ጕድጓዱን ሲቈፍር የዋለው ያው የእኅቴ ልጅ ነው።