ክረምቱ ያጠቆረው፣ እጄ ያበላሸው



በእኛ በቡታጅራ ሰኔ ሲገባ ቤተሰብ ሁሉ የሚጨነቀው ለጣራው፣ ለማገዶውና ለእህሉ ነው። ከሣጥን ሥር ስለተቀመጠ ጌጥ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔም አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከእኔ ስሕተት አንዳችሁ እንኳ ብትማሩ ብዬ ነው።

እናታችን (አላህ ይዘንላትና) ስትሞት ከተወችው ንብረት መካከል ከአያታችን የወረሰችው የአንገት ጌጥ ነበር። አምስት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብሮች፣ በመካከላቸውም ከዛፍ ሙጫ የተሠሩ ማር የመሰሉ ዶቃዎች በጥጥ ክር ተሰክተውበታል። ውርሱ በሸሪዓው መሠረት ሲከፈል ጌጡ ለታናሽ እህቴ ደረሳት። እርሷም ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ፣ “እትዬ፣ ይህ አደራ ነው፤ አላህ ካለ ለኒካሔ አደርገዋለሁ” ብላ በእጄ ሰጠችኝ።

እኔም አደራ የጠበቅሁ መስሎኝ በፌስታል ጠቀለልኩት፤ በላስቲክ አሰርኩት፤ ከዚያም በሱፍ ብርድ ልብስ መሐል ከትቼ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ባለው ሣጥን ቆለፍኩበት። ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም።

እህቴ በመስከረም እንደምትመጣ ስትነግረን ሣጥኑን ከፈትኩ። ብሮቹ እንደ ከሰል ጠቁረዋል፤ ጠርዛቸውን አረንጓዴ ዝገት ይዞታል፤ ክሩ በስብሶ ዶቃው ተበትኗል። በድንጋጤ ማንንም ሳልጠይቅ እንደ ድስት በአመድ፣ በአሸዋና በሎሚ ፈተግሁት። ብሩ ነጣ። ነገር ግን በዙሪያው የነበረው ጽሑፍና 1780 የሚለው ዓመት ከሁለቱ ብሮች ላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዶቃዎቹም ተጭረው ደበዘዙ።

እህቴ ጌጡን ተቀብላ፣ “ምን ሆነ?” ስትለኝ፣ “ክረምቱ ነው” አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ በሰፈራችን መስጊድ የሚያስተምሩትን ሼኽ ጠየቅኋቸው። አደራ የተቀመጠ ዕቃ ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጎዳ ጠባቂው ዕዳ የለበትም፤ ችላ ብሎ ወይም ወሰን አልፎ ካበላሸው ግን ይጠየቃል አሉኝ። እንግዲህ ዝናቡ የእኔ ጥፋት አልነበረም። ሁለት ዓመት ዘግቼ መተዌና በአሸዋ መፈተጌ ግን የእኔው ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በክረምቱ ማሳበቤ ነበር።

የሆነውን ለእህቴ በሙሉ ነገርኳትና አፉ እንድትለኝ ጠየቅኋት። “ክረምት ዶቃ እንደማይጭር መቼ አጣሁት? አንቺው እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት” አለችኝ። አፉም አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጌጡን ይዘን ወደ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ሄድን። እርሳቸው ያስረዱንንና በኋላም የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ብርን የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ የድኝ ዘር ነው። ይህም ከጭስ፣ ከሱፍና ከላስቲክ ይወጣል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ይፈጥናል። እኔ ሁሉንም በአንድ ላይ ሰብስቤለት ነበር! የማሪያ ቴሬዛ ብር ደግሞ ንጹሕ ብር አይደለም። 28 ግራም ያህል ከሚመዝነው ውስጥ ከመቶ 83 እጁ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው፤ አረንጓዴው ዝገት የሚመጣው ከመዳቡ ነው። 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያም በኋላ የተመቱት ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘዋል። በአገራችንም በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስ በገበያ ሲሠራበት ኖሯል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጌጣችሁን አውጥታችሁ እዩ። ብሩን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በደንብ አለቅልቃችሁ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቁት። አሸዋ፣ አመድና ሎሚ አታስነኩት። በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ የቀረ ጥቁረት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ቅርጹን ያጎላዋል። የሙጫ ዶቃን ግን አትዘፍዝፉት፤ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉትና በጥላ ይድረቅ። እሳት ዳር ቢቀመጥ ይሰነጠቃል፤ ሽቶም ያደበዝዘዋል። ሽቶ የምትቀቡ ከሆነ ሽቶው ይቅደም፤ ጌጡ ከደረቀ በኋላ ይደረግ። ክሩ ካረጀ በጠንካራ ክር አሰኩት፤ በየዶቃው መሐል ቋጠሮ ይኑር፤ ቢበጠስ እንኳ አይበተንም። እያንዳንዱን ለየብቻ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከግድግዳና ከማድቤት ጭስ ርቆ በሚገጥም ቆርቆሮ አስቀምጡት። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉት፤ እዚያ ውስጥ ይጠቅማል። ብራ በሆነ ቀን ደግሞ ቢያንስ በየወሩ ከፍታችሁ እዩ። ቀለበት የምታደርጉም ውዱእ ስታደርጉ አንቀሳቅሱት፤ ውኃው ለቆዳችሁ ይደርሳል፤ ኋላም ሥሩን ማድረቅ አትርሱ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ጌጥ ነውን? የምትል ብትኖር የእመት ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታስታውስ። ከእህታቸው ከአስማእ (ረ.ዐ.) የተዋሱት የአንገት ጌጥ በጉዞ ላይ በጠፋ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲፈለግ አድርገዋል፤ ሰዉም ውኃ በሌለበት ቦታ ቆይቷል፤ የተየሙም አንቀጽ የወረደው ያኔ ነው። የእህት ጌጥ ቀላል ነገር አልነበረም።

እህቴ ጌጡን በአዲስ ክር አሰክታ ለኒካሕዋ አደረገችው። ሁለቱ ብሮች ጽሑፋቸው ፈዝዞ እንደ ቀረ ነው። እነርሱን ባየሁ ቁጥር አደራ ማለት ቆልፎ መርሳት እንዳልሆነ አስታውሳለሁ።

አላህ አደራን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።