«አንተ» እና «አንቺ»

ሰሞኑን ሌሊቱን የማጋምሰው በስልኬ ልብ ወለድ ሳነብ ነው። አንዱን ስጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ። ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ናቸው። ስትወለድ ወንድ ተብላ፣ የወንድ ስም ወጥቶላት፣ እሷ ግን ሴት ልጅ መሆኗን እያወቀች ስለምታድግ ልጅ። ትራንስጀንደር የሚሏት። አንዷ ጓደኛዬ «አንቺ ደሞ፣ የአራዳ ልጅ ሆነሽ ይሄን ምን ብለሽ ነው የምታነቢው?» አለችኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አቃተኝ። እስቲ እዚህ ልሞክር። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ያነበብኩት የአሌክስ ጂኖን «ሜሊሳ»ን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም ርዕሱ «ጆርጅ» ነበር፤ ኋላ ላይ ልጅቷ ለራሷ በመረጠችው ስም ተለወጠ። ታሪኩ ቀላል ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤት ቴአትር ሻርሎት የምትባለዋን ሸረሪት ሆና መጫወት ትፈልጋለች። መምህሯ «ይሄ የሴት ልጅ ቦታ ነው» ብላ ትከለክላታለች። ቦታውን ያገኘችው ጓደኛዋ ኬሊ ናት። ኬሊ ምን አደረገች? ለሁለተኛው ትርኢት ቦታዋን ለቀቀችላት። በቃ፣ ይሄው ነው። እኔ ግን እዚያች ጋ ስደርስ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቀጥዬ ናይጄሪያ ተወልደው ያደጉት አኳኤኬ ኤሜዚ የጻፉትን «ፔት» አነበብኩ። እዚያ ውስጥ ያለችው ጃም ሴት መሆኗን የተናገረችው ገና በሕፃንነቷ ነው። ወላጆቿ ሰሟት፣ አለቀ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በከተማዋ ተደብቆ ስላለ ክፉ ነገር። ጃም ሌላውን ለማዳን ትሮጣለች እንጂ ስለ ማንነቷ ስትከራከር አትውልም። እንደዚያም ሊጻፍ ይችላል ለካ!

በነገራችን ላይ ሁለቱም ደራሲዎች ራሳቸውን ወንድም ሴትም አይሉም። አማርኛዬ እዚህ ጋ ምንም አልተቸገረም። «እሳቸው» አልኩና አለፍኩ።

ይሄ ነገር ቋንቋችንን እንደገና እንድሰማው አደረገኝ። በእንግሊዝኛ እናት ልጇን «ብላ» ትበለው «ብዪ» አይለይም። እኛ ጋ ግን በቀን ስንቴ እንለያለን? ና፣ ነይ። ተቀመጥ፣ ተቀመጪ። የት ነህ? የት ነሽ? ስም ሳትጠሩ፣ ውሃ አምጣ ስትሉት ብቻ ማን እንደሆነ ወስናችሁለታል። እነዚህ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ቢመለሱ ተርጓሚው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነው ፍዳውን የሚያየው። እናትየው ከ«አንተ» ወደ «አንቺ» የምትሻገረው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? አባትየውስ?

ግን ደግሞ «እርስዎ» ፆታ የለውም። አማርኛ ሰው ሲያከብር ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ አይጠይቅም። «ልጄ» የሚለው ቃልም አይጠይቅም። እናቶቻችን ሲያቆላምጡማ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይሉ የለ?

አሁን ወደ ዶሮ ማነቂያ ልውሰዳችሁ።

አያቴ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ የሰማችውን ታሪክ ትነግረን ነበር። ከሁሉ የምንወደው በነሐሴ 15 የምትታሰበውን የእንባ መሪናን ነበር። አባቷ ሊመንኩስ ሲሄድ እንደ ወንድ ልጅ ለብሳ አብራው ገዳም ገባች። ሴት ልጅ አስረገዘች ተብላ በሐሰት ስትከሰስ ራሷን አልገለጠችም፤ የእሷ ያልሆነውን ሕፃን አሳደገች። እውነቱ የታወቀው ስታርፍ ነው። መሪናን ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ናት አልልም፤ የእሷ ምክንያት ሌላ ነው። እኛ ልጆቹ ግን ትንፋሻችንን ውጠን የምናዳምጠው ለአንድ ነገር ነበር፤ «መቼ ነው የሚያውቋት? ሲያውቁስ ምን ይሏታል?» ለማለት። ዛሬም ሌሊቱን የማነበው ለዚያው ነው።

ከአያቴ ምንጣፍ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረኝ። ግቢያችን አንድ ነው። እናቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፣ እሱ ታናሹ ነው። ያኔ እንደምንጠራው «እሱ» እያልኩ ልቀጥል፤ ምን ብዬ ልጥራህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ከኋላ ይጎተታል። አበባየሆሽ ሲደርስ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ግጥሙን ከሁላችን በላይ ያውቃል። ለዘመን መለወጫ ወንዶቹ ስዕል ስለው ሲያድሉ፣ የእሱ ስዕል ላይ ያለው ሁልጊዜ አደይ አበባ የያዘች ልጅ ነበረች።

አንድ ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በዋዜማው መጣና «የአምናው ቀሚስሽ ጠቦሻል አይደል? ለነገ አውሺኝ፣ ከእናንተ ጋር ልሂድ» አለኝ። ሌሎቹ ሴቶች ቆመዋል። አዩኝ። እኔም እንዳይስቁብኝ ብዬ ቀድሜ ሳቅኩ። «አንተ ሴታ ሴት! ሂድ ከወንዶቹ ጋር ተጫወት!» አልኩት።

ቃሉ ከዚያ ግቢ ወጣ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ስም ጠራው። ታላቅ ወንድሙ ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ የመታው የሚጠሩትን ልጆች አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ወጣ፣ አልተመለሰም። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ኬሊ ቦታዋን ስትለቅ ያለቀስኩት ለዚህ ነው። ጠብቦኝ የተጣለ ቀሚስ ነበር እኮ።

የሚገርመው፣ ከግቢያችን ጥቂት ወረድ ብሎ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። በ1927 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። በድሮው መድረካችን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሕዝቡም ያጨበጭብ ነበር። መድረክ ላይ ሲሆን አጨበጨብን፣ ግቢ ውስጥ ሲሆን ደበደብን።

እንግዲህ ለጓደኛዬ መልሴ ይሄ ነው። እነዚህን መጻሕፍት የሚወዷቸው ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገላው ሳያስፈቅደው ሲለወጥ ያየ ሰው ሁሉ መስታወት ፊት የቆመችውን ልጅ ያውቃታል። ሌሎች ያወጡለት ስም አልመጥን ያለው ሰውም ያውቃታል። ደስታቸውም ትንሽ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፤ አንድ ሰው በትክክለኛ ስሟ ሲጠራት ገጹ ይበራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ ያድጋሉ። እኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰማን ያለቀስን ሰዎች ነን፤ መቃብሩ ከርዕሱ ጀምሮ ይጠብቀናል። ከሰው የተለየ ገጸ ባሕርይ መጨረሻው ላይ እንዲሞት ለምደናል። በሕይወት ተርፋ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ነገዋ የምትሄድ ልጅ ማንበብ ግን ሌላ ነው። ጓደኛዬ የት እንደደረሰ ለማያውቅ እንደ እኔ ላለ ሰው ደግሞ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ እንደ መማጸን ነው።

አንባቢ መሆን ካሳ ነው አልልም። ለመጽሐፍ ልጅ ማልቀስ ቀላል ነው። ለግቢ ልጅ ቀሚስ ማዋስ ነበር ከባዱ።

መጋቢት 2016 ላይ ሰፈራችን ፈረሰ። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ስንጭን የጓደኛዬ እናት በር ላይ ተቀምጠው ጀበናቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ሄጄ አቀፍኳቸው። ስንት ዓመት ልጠይቃቸው እየፈለግኩ ፈርቼ የተውኩትን ጠየቅኳቸው። «ልጅዎ እንዴት ነው? ይደውላል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄማ ደህና ናት» አሉኝ። «ባለፈው ደውላልኝ ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ነው ስላት አለቀሰች።»

ሴት ልጅ እንደሌላቸው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማቆላመጥ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ አልጠየቅኩም። ዓይናቸው ግን ከዓይኔ አልተነሳም፤ መልሴን ይጠብቁ ነበር።

«ሲደውል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ስትደውል ሰላም ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉና ጀበናውን አቀበሉኝ።