ግቢውን የሚጠብቀው ማነው?

የዩኒቨርሲቲ ጸጥታ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ በር ላይ ይጀምርና እዚያው በር ላይ ያልቃል። መታወቂያ ታየ ወይስ ታለፈ? ቦርሳ ተፈተሸ ወይስ አልተፈተሸም? አጥሩ ከፍ ይበል፣ ካሜራ ይተከል፣ የጥበቃ ቁጥር ይጨመር ይባላል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ላፕቶፕ ተሰርቆ እንዳይወጣ፣ ስለት ተደብቆ እንዳይገባ ያደርጋል። ነገር ግን የአንድን ግቢ ሰላም የሚነሱት ነገሮች አብዛኞቹ በበር አይገቡም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በስልክ ዶርም የሚገባ ወሬ አይፈተሽም። ተማሪዋን በየቀኑ እየተከተለ የሚዝትባት የክፍል ጓደኛዋ መታወቂያ አለው። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ አምፖሉ ከተቃጠለ፣ ጨለማው ከውጭ አልመጣም።

ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። ተማሪው አደጋ ሲሸተው ለማን ይናገራል? የሚነግረውን ሰው ያምነዋል ወይ? ማህበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የሚባለው ነገር ሁሉ ፋይዳው የሚለካው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ጥያቄው በሐዋሳ ይከብዳል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1968 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት ተጀምሮ ዛሬ ከከተማዋ አልፎ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለምና በንሳ ዳዬ ድረስ ግቢዎች አሉት። በየዓመቱ ከአራቱም ማዕዘን በምደባ የሚመጡ ወጣቶችን ይቀበላል። ብዙው ፍሬሽ በከተማዋ ዘመድ የለውም፣ ሲዳሙ አፎ አይሰማም፣ በክፉ ቀን የሚሮጥበት ቤት አያውቅም። ያለው ግቢው ብቻ ነው። "ልጄን አደራ" ብሎ የላከ ወላጅም አደራውን የተቀበለው ማን እንደሆነ በስም አያውቀውም።

ፖሊስ ይውጣልን፣ ፖሊስ ይግባልን

በኢትዮጵያ ተማሪና ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲተያዩ በመካከላቸው ታሪክ አለ። ታህሳስ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ። በግቢው ውስጥ ሌሎች ተማሪዎችም ሞቱ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ካነሷቸው ጥያቄዎች ዋነኛው ታጣቂ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚል ነበር። ጋዜጣችን ይፈቀድ፣ ማኅበራችን ነፃ ይሁን የሚሉትም አብረው ተነስተዋል። መንግሥት ጥያቄውን በመርህ ደረጃ መቀበሉን ገለጸ። "መቼ?" በሚለው ላይ ግን መግባባት ጠፋ። ነገሩ ከግቢ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ፤ ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በኅዳር ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤተሰባቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። በዚያ ዓመት ተማሪና ወላጅ ሰላም ለማክበር ውል እንዲፈርሙ ተደረገ፣ ፌዴራል ፖሊስም ወደ ግቢዎች ገባ። በ1993 ተማሪው "ይውጣልን" ያለውን ፖሊስ በ2012 ስንት ወላጅ "ይግባልን" ብሎ ለመነ።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ታጣቂ ሲገባ ድንጋይ መወራወር ይቆማል፤ ልብሱን ሳያወልቅ ለሚያድር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለግዳጅ የመጣ ኃይል ግዳጁ ሲያልቅ ይሄዳል። የዶርሙን ልጆች በስም አያውቅም። በየትኛው ብሎክ ምን ቂም እንደተቋጠረ የሚነግረው የለም። የሚደርሰው የተፈነከተው ከተፈነከተ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። የደምቢ ዶሎዎቹ ተማሪዎች የታገቱት ደግሞ ከግቢ ውጭ ነው። በር ላይ ያለ ጠብመንጃ፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ለእነሱ አይደርስላቸውም ነበር።

መልካም ሐሳብ፣ የተበላሸ ስም

ፖሊስ ከሕዝቡ የወጣ፣ በሕዝቡ ፈቃድ የሚሠራ ይሁን የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በ1829 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የለንደን ፖሊስ ጋር ነው። ጃፓን በየሰፈሩ ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የፖሊስ ቤቶች አሏት። እዚያ ያለው ፖሊስ ለጠፋበት ሰው መንገድ ያሳያል፣ የወደቀ ዕቃ ይመዘግባል፣ ሰፈሩን እየዞረ ይጠይቃል። ክፉ ነገር ሲመጣ ነዋሪው የሚሄደው ወደሚያውቀው ሰው ነው።

በኢትዮጵያም ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ለረጅም ዓመታት ተሞክሯል። በአማራ ክልል ለምሳሌ በየቀበሌው ፖሊስ ተመድቧል፣ ከነዋሪው የተውጣጡ አማካሪ ምክር ቤቶች ተቋቁመዋል። ጣቢያ ለመድረስ ብዙ መንገድ በእግሩ ለሚሄድ ገበሬ በቀበሌው የሚያድር ፖሊስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ያ መዋቅር ብቻውን አለመምጣቱ ነው። በዚያው ዘመን አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ከቀበሌ እስከ መማሪያ ክፍል ተዘረጋ። ስለ ሌባ የሚጠቁመው ሰውና ስለ ጎረቤቱ የፖለቲካ አቋም የሚያመላልሰው ሰው አንድ መስሎ ታየ። "ከሕዝብ ጋር መሥራት" የሚለው ሐረግ በብዙ ወጣት ጆሮ "ጆሮ ጠቢ ማብዛት" ተብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። አንድ ተማሪ የሰላም ፎረም አባል ሆኖ ዶርም ሲገባ ጓደኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ከሆነ፣ ያ ፎረም ሥራ ሳይጀምር ሞቷል።

መለያው መስመር ቀላል ነው። ጥቆማ ስለ ድርጊት ነው፤ ስለላ ስለ ሰው ነው። "ከብሎኩ ጀርባ ዱላ ተከማችቷል" ማለት ጥቆማ ነው። "እገሌ የእነ እገሌ ደጋፊ ነው" ማለት ስለላ ነው። የመጀመሪያው ሕይወት ያተርፋል። ሁለተኛው ቀጣዩ ጥቆማ ጭራሽ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ የተከዳ ተማሪ ዱላውንም ቢያይ ዝም ይላል።

ሐዋሳ የምታስታውሰው

ሐዋሳ በዚህ ጉዳይ ላይ ባዶ ሰሌዳ አይደለችም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በከተማዋ ጫፍ ሎቄ ላይ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተተኩሶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ቀኑ እስካሁን ይታሰባል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ጎረቤት ከጎረቤቱ ተጋጭቶ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄው መልስ በዘገየበት ቀን እንደገና ደም ፈሰሰ። የዚያው ጥያቄ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰላም መጠናቀቁ ደግሞ ሊረሳ አይገባም። ያቺው ከተማ ናት፣ ያው ወጣት ነው። ነገሩ አስቀድሞ ሲመከርበትና ሳይመከርበት ሲቀር የሚመጣውን ልዩነት ከተማዋ በአንድ ዓመት ውስጥ አይታዋለች።

መመካከሩ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። ሲዳማ አፊኒ የሚለው ሥርዓት አለው፤ "ሰምታችኋል ወይ?" እንደማለት ነው። ተበደልኩ ያለ ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት፣ ሽማግሌዎችም ከመፍረዳቸው በፊት፣ ነገሩ ለጉባኤው ይሰማል፤ ሀላሌ፣ ማለትም እውነቱ፣ እስኪጠራ ይመከርበታል። ዩኒቨርሲቲው በደጃፉ ያለውን ይህን መርህ ወደ ዶርም ቢያስገባው ብዙ ያተርፋል። "የእኛ ልጅ ተመታ" የሚለው ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማን አየ? ከማን ሰማችሁ?" ቢሆን ስንቱ ድንጋይ ከመሬት ሳይነሳ ይቀር ነበር።

ሽምግልና ግን ድንበር አለው። የካፌ ወረፋ ጠብ፣ የዶርም ንትርክ፣ የስድብ ቂም በሽማግሌ ያልቃል። የተደፈረች ተማሪ ጉዳይ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ የሐኪም፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው። "ለግቢው ስም ሲባል በውስጥ ይለቅ" የሚል ሰው ጥፋተኛውን እየጠበቀ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ

ስለ ግቢ ጸጥታ የሚነገረው አብዛኛው ስለ ብሔር ግጭት ነው። ያ አደጋ ሲመጣ አገር ይሰማል። የሴት ተማሪዎች አደጋ ግን በየቀኑ አለ፣ የሚሰማውም ጥቂት ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በሐዋሳ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት ከ1,300 በላይ የሚሆኑትን ጠይቆ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው ፆታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ቁጥሩ የዚያ ዘመን ነው። ፍርሃቱ የዚያ ዘመን ብቻ ነው የሚል ሴት ተማሪ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ፍርሃቱ በአጥር አይወሰንም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፣ ፈረቃ ጨርሰው ሲመሽ ይመለሳሉ። ከግቢ ውጭ የተከራየችው ተማሪና የፋብሪካዋ ልጅ የሚያቋርጡት ያንኑ ጨለማ ነው፣ የሚሰሙት ያንኑ ለከፋ ነው። ለአንዷ የግቢ ጥበቃ፣ ለሌላዋ የፓርክ ጥበቃ አለ። በመካከል ላለው መንገድ ግን ባለቤት የለውም።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. በዚችው ከተማ አንዲት ወጣት ሴት ተጠልፋ አገር ጮኸ። የተጠረጠረው ራሱ የፖሊስ አባል ነበር። ያ ክስተት የአንድ ሰው ጥፋት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ለሴቶች ግን ጥያቄ ትቶ አልፏል። የሚጠብቀው ሰው ሲያጠቃ አቤት የሚባለው ለማን ነው? ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ ማህበረሰቡን እመነኝ ለማለት አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሰው ይቆይ። እምነት በሦስት ወር አይበቅልም። ለየግቢው የተመደበ፣ ቶሎ ቶሎ የማይቀያየር፣ ስልኩ በየዶርሙ የተለጠፈ የፖሊስ አባል ያስፈልጋል፤ ከመካከላቸውም ሴት ፖሊስ። ጠብመንጃው ጣቢያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ያለው ጥበቃ ይከበር። ተማሪው "ጋሼ" እያለ የሚጠራው የበር ጥበቃ አጥሩ የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ ማን አምሽቶ እንደሚገባ፣ የትኛዋ ልጅ እያለቀሰች እንደወጣች ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሥልጠናም፣ ደህና ደመወዝም፣ የሚያዳምጠው አለቃም ይገባዋል። ፕሮክተሮችም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ፋይል ይለያይ። ፈተና የኮረጀና ሴት የደበደበ በአንድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ወረፋ አይጠብቁ። ወንጀል የሆነው ወደ ሕግ ይሂድ፤ ተበዳይዋም ውጤቱ ይነገራት።

አራተኛ፣ ለወሬ መልስ ይሰጥ። ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ሲከሰት አስተዳደሩ ዝም ባለ ቁጥር ቴሌግራምና ፌስቡክ ይናገሩለታል። የታወቀውን "ይህ ታውቋል"፣ ያልታወቀውን "ይህ እየተጣራ ነው" ብሎ በዚያው ሰዓት መለጠፍ ከአንድ መኪና ፖሊስ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ ይውጣ። በአሜሪካ አንዲት ተማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. በዶርሟ ከተገደለች በኋላ የወላጆቿ ትግል በ1990 ሕግ ወለደ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ እንዲያትሙ ያስገድዳል። ወላጅ ልጁን ከመላኩ በፊት ያነበዋል። የተደበቀ ችግር በጀት አያገኝም፤ አምፖል እንኳን አይቀየርለትም።

ስድስተኛ፣ በፖሊስና በጥበቃ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከፖሊስና ከጥበቃ ውጭ ለሆነ አካል ይቅረብ። ተማሪዎች ራሳቸው የመረጡት ኅብረት በዚያ ላይ ወንበር ይኑረው።

ይህ ሁሉ ቢደረግ የአገሩ ፖለቲካ ግቢ ውስጥ መግባቱን አያቆምም። አገር ሲታመስ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ጸጥ አይልም። ነገር ግን እሳት ሲነሳ የሚተዋወቅ ሰፈርና የማይተዋወቅ ሰፈር እኩል አይቃጠሉም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ቅጠሉን አስቀድሞ ላዘጋጀ ነው።

የግቢ ሰላም መለኪያው ስንት ዩኒፎርም በር ላይ ቆመ የሚለው አይደለም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ሲከተላት መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው? አምስት መቶ ኪሎሜትር ርቃ ላለች እህቷ ከሆነ፣ ግቢው በር እንጂ ጥበቃ የለውም። ለግቢው ፖሊስ ከደወለች፣ እሱም ስሟን ጠርቶ "የት ነሽ?" ካላት፣ ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ማለት እሱ ነው።