«ደህና ነኝ» የሚል ልጅ

በአሜሪካ ፉትቦል የኳርተርባክን ያህል ከባድ ቦታ የለም። የማጥቃት ጨዋታ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ እጅ ነው፤ ኳሱን ይወረውራል፣ ለሯጭ ያቀብላል፣ መንገድ ካገኘም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ቦታው የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ተጠባባቂው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዋናው ሳይወጣ አይገባም። በእኛ እግር ኳስ ለዚህ የሚቀርበው በረኛ ነው። እኔ በሜሪላንድ የሐበሻ ልጆች ቡድን አሠለጥናለሁ፤ የተጎዳ በረኛዬን ላሰልፍ ወይስ ላስቀምጥ ብዬ በተጨነቅሁበት ሰሞን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን አንድ ኳርተርባክ ነበር።

ሮበርት ግሪፊን ይባላል። በ2012 የዋሽንግተን ቡድን እሱን ለማግኘት፣ ቡድኖች በየዓመቱ በተራ የኮሌጅ ተጫዋቾችን ከሚመርጡበት ድራፍት የ3 ዓመታት የአንደኛ ዙር ምርጫዎቹን፣ በዚያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለሴንት ሉዊስ አሳልፎ ሰጠ። ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ በዚያው ድራፍት፣ በ4ኛው ዙር፣ 102ኛ ተመራጭ አድርጎ ሌላ ኳርተርባክ ጨመረ፤ ከርክ ከዚንስን። ብዙ ሰው ምን አስቸኮላቸው አለ። የእኛ ሰው እንኳ፣ ያን ጨዋታ ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው፣ በዚያ መጸው ቡና ላይ የሚያወራው ስለ ግሪፊን ሆኖ ነበር። ልጆቻችን ማልያውን ለብሰው ይተኙ ነበር።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ገደማ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ግሪፊን ቀኝ ጉልበቱን ተመታና ወጣ። ከዚንስ ገባ። ሊያልቅ 29 ሰከንድ ሲቀረው ታችዳውን አቀበለ፣ ከታችዳውን በኋላ የምትሞከረውን የ2 ነጥብ ዕድል ደግሞ ራሱ ሮጦ አገባት፤ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ28 አሸነፉ። በሳምንቱ ክሊቭላንድ ሄዶ 38 ለ21 ረታ። እንግዲህ ከዋሽንግተን በኩል ሁለት ጀማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ደግሞ ቦታውን መሙላት እንደሚችል ያሳየ። ግሪፊን ተመለሰ፤ 3 አሸንፎ 6 ተሸንፎ የነበረው ቡድን 7 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አንደኛ ሆነ።

በጃንዋሪ 6 ቀን 2013 የጥሎ ማለፉን ጨዋታ ከሲያትል ጋር ገጠሙ። ዋሽንግተን 14 ለ0 እየመራ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሩብ የግሪፊን ጉልበት ታጠፈ፤ ከዚያ በኋላ ሲያነክስ ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። አሠልጣኙ ማይክ ሻናሃን ከጨዋታው በኋላ እንዳስረዱት፣ ልጁን ጠይቀውታል፤ እሱም እመኑኝ፣ መጫወት እፈልጋለሁ ብሏቸዋል፤ ተዉት። በ4ኛው ሩብ የወደቀ ኳስ ሊይዝ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። 24 ለ14 ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ዶክተር ጄምስ አንድሩስ ሁለት ጅማቶቹን ጠገኑለት፤ አንደኛው በ2009 ኮሌጅ ሳለ አስቀድሞ የተበጠሰው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ ሻናሃን ተባረሩ፣ ግሪፊንም ወደዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ አቋም አልተመለሰም።

ሰው በግሪፊን ሲፈርድ ሰምቻለሁ፤ ለምን ደህና ነኝ አለ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የ22 ዓመት ልጅ ነው። ከተማው በሙሉ ስሙን እየጠራ ነው። ከወንበሩ ላይ ደግሞ በክሊቭላንድ ያሸነፈ እኩያው ተቀምጦ ያየዋል። እንዲህ ያለ ልጅ «አልችልም» እንዲል መጠበቅ ራሱ ግፍ ነው። እንደ እኔ ግምት ጥሩ ተጠባባቂ መኖሩ ዋናውን ተጫዋች ሕመሙን ይበልጥ እንዲደብቅ ያደርገዋል፤ ተጠባባቂ የተያዘበት ምክንያት ግን ያንን ሕመም ለማዳን ነበር።

የእኔ በረኛ ትከሻው ወልቆ ተመልሶለት ነበር። ሐኪሙ ገና ነው ብሏል። ግማሽ ፍጻሜ ደርሰናል፤ ልጆቹ ሁሉ አድገው በየጁላይ በሚካሄደው፣ በ1984 በተመሠረተው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ መሰለፍ ይመኛሉ፤ እያንዳንዷ ጨዋታ ለእነሱ ትልቅ ናት። ተጠባባቂው ከእሱ በዕድሜ ያነሰ፣ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ግን ገና የሚርበተበት ልጅ ነው። የበረኛው አባት ደግሞ የቅርብ ወዳጄ ነው፤ አብረን ስደት የቀመስን።

እዚህ ላይ የምናዘዘው አለኝ። በዚያ ሳምንት ልጁን ልጠይቀው በጣም ጓጉቼ ነበር። «እንዴት ነው ትከሻህ?» ልለው። መልሱን አውቀው ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ደህና ነኝ ይለኛል፣ እኔ አሰልፈዋለሁ፣ ቢጎዳም ራሱ ነው ያለው እላለሁ፣ አባቱም አይቀየመኝም። ጥያቄው ለልጁ አሳቢ ያስመስለኛል፤ የሚጠቅመው ግን እኔን ብቻ ነበር። የዋሽንግተኑን ጨዋታ ያስታወስኩት ያኔ ነው። አልጠየቅሁትም። ልምምድ ሳይጀመር ወደ ዳር ጠርቼ፣ «ቅዳሜ አትገባም፤ ውሳኔው የእኔ ነው፤ ማንም ቢጠይቅህ ኮች ከለከለኝ በል» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌላ አልተናገርንም።

ተሸነፍን። ሁለተኛዋ ጎል በልምድ ሊያዝ የሚችል ኳስ ነበር፤ ይህን አልክድም። ትንሹ ልጅ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሲቀር ሄዶ ያነሳው ያው ያልተሰለፈው በረኛ ነው። ያን ሳይ ውሳኔዬን ወደድኩት፤ ውጤቱን ግን ለብዙ ጊዜ አልወደድኩትም፤ ሁለቱ ስሜቶች አብረው መኖር እንደሚችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትከሻው ድኖ ሲመለስ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ይሄኛው የጤና ጥያቄ አይደለም። በሌለበት ጊዜ ትንሹ ልጅ አድጎ ነበር። በ2012 ዋሽንግተን ውስጥ ይህ አላወዛገበም፤ ግሪፊን ጤነኛ ከሆነ ቦታው የእሱ ነበር። በ2016 በዳላስ ካውቦይስ የሆነው ግን ሌላ ነው። ቶኒ ሮሞ በቅድመ ውድድር ጨዋታ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ሲወጣ፣ በ4ኛው ዙር 135ኛ የተመረጠው ጀማሪ ዳክ ፕረስኮት ገባ፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ቀጣዮቹን 11 በተከታታይ አሸነፈ። ሮሞ ኖቬምበር ላይ ለመጫወት ሲደርስ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ከወረቀት አነበበ፤ ፕረስኮት ቦታውን በሥራው እንዳገኘው መሰከረ። በማግስቱ ዓመት ጫማውን ሰቅሎ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። እንዲህ ያለ ክብር ከትልቅ ሰውም ብርቅ ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ካለ ልጅ ልጠብቀው አልፈለግሁም።

ስለዚህ ይህንንም ራሴው ነገርኩት። «ትከሻህ ድኗል፤ የምታርፈው በትከሻህ ምክንያት አይደለም፤ አሁን እሱ ይሻላል» አልኩት። ጉዳቱን ሰበብ ባደርገው ይቀለኝ ነበር፤ እሱም ሲድን ቦታዬ ይመለስልኛል እያለ ይጠብቅ ነበር። ከእንግዲህ ግን የሚታገለው ከሕመሙ ጋር ሳይሆን ከሌላ በረኛ ጋር ነው፤ ያንን የማወቅ መብት ነበረው።

እሱ ግን በደስታ አልተቀበለውም። እስከ ውድድሩ ማብቂያ ከእኛ ጋር ቆየ፣ አንድም ልምምድ አልቀረም፣ ከዚያ በቨርጂኒያ ያለ ቡድን ወሰደው። አባቱ ለጊዜው ስልኬን ማንሳት ተወ፤ አሁን ታርቀናል። ልጁ እዚያ ዋና በረኛ ሆኗል፤ በሚቀጥለው ውድድር ከእነሱ ጋር አንድ ምድብ ተደልድለናል፤ አጥቂዎቼንም ከወዲሁ በግራ በኩል ዝቅ አድርገው እንዲመቱ እያለማመድኳቸው ነው፤ ከፍ ያለ ኳስ አያመልጠውም።