ሰንጋና ሰው በአንድ ካሶኒ

ከኮቦ ወደ ሰሜን ሲኬድ መንገዱ የራያን ሜዳ ለሁለት ከፍሎት ይነጉዳል። በስተቀኝ የዞብል ተራሮች፣ በስተግራ የደጋው ግድግዳ፤ መሀሉ ማሽላ ነው። ጅጉርቴና ደገሌት የሚባሉት የአገሬው ዝርያዎች ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛሉ። እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት ነው። የራያ ሰንጋ ያን የመሰለ ቀንድና ትከሻ ይዞ ገበያ የሚወጣው ይህን አገዳ እየበላ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ዋጃ ከተማ የገባሁት አጨዳው አልቆ አገዳው በየማሳው በተከመረበት ሰሞን ሲሆን፣ የሄድኩትም ከብት የሚጫንበትና ሰው የሚያድርበት መኪና ለማየት ነበር።

ፈረስ እወዳለሁ። ፈረስ ይዞ አገር መዞር፣ በደረሱበት አብሮ ማደር የቆየ ምኞቴ ነው። ውጭ አገር ለዚሁ የሚሠራ ተሳቢ አለ፤ ከኋላ ፈረሶቹ ይቆማሉ፣ ከፊት አልጋና ምድጃ ያለው ክፍል ይኖራል። ፈረስን ጭኖ መውሰድን ስመ ጥር ያደረገው የእንግሊዙ ሎርድ ጆርጅ ቤንቲንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ኤሊስ የተባለ የውድድር ፈረሱን፣ ሌሎች ፈረሶች በሚጎትቱት ሰረገላ ጭኖ ወደ ዶንካስተር ወሰደው። በዚያ ዘመን የውድድር ፈረስ በእግሩ ተነድቶ ነበርና የሚሄደው፣ ተወራራጆቹ ኤሊስ በጊዜው አይደርስም ብለው ነበር። ደረሰ፤ ድካም ሳይነካው የሴንት ሌጀርን ውድድር አሸነፈ።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ተሳቢ ከሱቅ አይገዛም። ግን መኪና ላይ ማደር ለሾፌሮቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በፊያት ኤንትሬ ዘመን ከወንበሩ ጀርባ ባለችው መኝታ ስንቱ አድሮባታል! ከብት ጭኖ ማደርም እንዲሁ። ዋጃ ላይ አስፋልቱ ዳር የቆመ አንድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር አሳዩኝ። ባለቤቱ ሰንጋ አደልቦ እስከ አዲስ አበባ የሚወስድ ነጋዴ ነው። እንግድነቴን አይቶ የካሶኒውን በር ከፈተልኝና፣ «ግባ ወንድሜ፣ አብሽር፣ አይወጉህም» አለኝ።

ገባሁ፤ ያየሁትንም ወደድኩት። ካሶኒው ከሾፌሩ ጋቢና ቀጥሎ በቱቦላሬና በወፍራም ጣውላ ተከፍሏል። ከፊት የቀረችው ክፍል አንድ ሰው ተጋድሞ፣ ሌላው ተቀምጦ የሚበቃት ናት። አልጋው ግድግዳው ላይ በማጠፊያ የተያዘ ሳንቃ ነው፤ ቀን ይታጠፋል፣ ማታ ይዘረጋል። የውሃ ጀሪካን በገመድ ታስሮ ጥግ ይዟል። ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው፣ ጣውላው ላይ በተጋደመ ሰው ዓይን ልክ የተቆረጠ መስኮት ነው። ጠርዙ እጅ ሲደገፈው ኖሮ ለስልሷል። በዚያ መስኮት ረዳቱ ሌሊት ባትሪ አብርቶ ሰንጋዎቹን አንድ በአንድ ያያል። ከቆሙት መሀል አንዱ ከተኛ ይረገጣል፤ መነሻ ቦታም ያጣል። ስለዚህ ያቺ ክፍል ለሰው ምቾት ብቻ የተሠራች አይደለችም፤ ከብቱ እንዲጠበቅ ሰውን ከብቱ አጠገብ የምታሳድር ናት።

ነጋዴው አልጋውን ሳደንቅ ሰማኝና ወደ ወለሉ ወሰደኝ። አገዳውንና አሸዋውን በእግሩ ገለጥ አድርጎ ጣውላውን በመዶሻ መታው። ጤነኛው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደነዝ ነው። የከብት ሽንት በስንጥቁ ሰርጎ እንጨቱን ከሥር ያበሰብሳል፣ ሻንሲውንም ያዝገዋል። ያገለገለ መኪና ወይም ተሳቢ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ከሥር መግባት አለበት። ሻንሲው የተበየደበት ቦታ፣ ባሌስትራው፣ የጣውላው የታችኛው ፊት ዋጋውን የሚነግሩት እዚያ ናቸው። ላይ ደግሞ እንስሳው እንዳያዳልጠው በወለሉ አግድም የተመቱ ቀጫጭን እንጨቶች ያስፈልጋሉ። ጣውላው ተነስቶ የሚታጠብ ቢሆን ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል።

ከዋጃ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መንገድ ላይ አየሩ ራሱ ይለዋወጣል፤ ከራያ ቆላ ሙቀት ተነስተው በወልዲያ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ አድርገው ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ቆላ ላይ የጎኑ የላይኛው ክፍል ተከፍቶ ንፋስ ካላገኙ እንስሳቱ ይታፈናሉ፤ ደጋው ላይ ያ ንፋስ ያንቀጠቅጣቸዋል። ነጋዴው ለዚህ የሚጠቀለል ሸራ አለው። ሆኖም ጣራው ሥር ያለውን ክፍተት ፈጽሞ አይዘጋውም፤ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ሳንባ ያቃጥላልና። ሰውም እዚያው ነው የሚያድረው።

ለፈረስና ለራሴ ላሠራ ያሰብኩት ቤት ተሳቢ ይሁን ወይስ በካሶኒው ላይ? ብዙ አሰብኩበት። ተሳቢ ከሆነ ቤቱን አቁሞ በመኪናው ብቻ መንቀሳቀስ ይቻላል። ግን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ካላረፈ ጭራው ይዋዥቃል፤ ለብቻው ፍሬን ከሌለው ደግሞ የደብረ ሲናን ቁልቁለት አስቡት! ለእኛ መንገድ በካሶኒው ላይ የሚሠራው ይሻላል ባይ ነኝ። ያም ቢሆን ክብደት አይለቅም፤ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው።

ስለ ክብደት የተማርኩት ግን ከመኪና አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አገዳው ወዳለበት ማሳ ከምሥራቅ ከብቶቻቸውን ይዘው የመጡ አፋሮች ሰፍረው ነበር። አንዲት እናት ቤቷን ግመል ላይ ስትጭን ቆሜ አየኋት። አፋር ዘንድ ቤት መሥራትም ማፍረስም የሴቶች ሙያ ነው። ቆልመም ያሉትን የቤቱን ዘንጎች ለሁለት ከፍላ በግራና በቀኝ አሰረች፣ ከዘንባባ የተሠራውን ሰሌን ጠቅልላ ከላይ ደረበች፣ ዕቃዋን መሀል አስገባች፣ ከዚያ ገመዱን በጉልበቷ ተደግፋ ሳበችው። አንዱ ጎን ሲከብድባት ፈትታ እንደገና አመጣጠነችው። ጭነት የለመደ ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይችላል፤ ቤቱ፣ ዕቃውና ውሃው በዚህ ውስጥ ማለቅ አለባቸው፤ አለቁም።

ማታ ንድፌን አወጣሁ። ፍሪጁን ሰረዝኩ። የመታጠቢያ ክፍሉን ሰረዝኩ። የውሃውን ታንከር ከአንድ ጎን አንስቼ ለሁለት ከፈልኩትና በግራና በቀኝ፣ ወለሉ ሥር አደረግሁት። የተረፈውን ክብደት ለፈረሶቹ ሰጠሁ፤ ለእያንዳንዳቸው እግራቸውን አንፈራጥጠው መንገዱ ሲጠማዘዝ የሚቆሙበት ስፋት ወጣላቸው።

በማግስቱ ነጋዴው ንድፉን ረጅም ጊዜ አየው። «በርህ ወደ ውጭ ብቻ ነው» አለኝ። «ሌሊት ዝናብ ሲጥል ወርደህ አታያቸውም። ከመኝታው ወደ እነሱ የሚያስገባ ጠባብ በር ይኑርህ። እሱም ወደ አንተ ይከፈት፤ ወደ እነሱ የሚከፈት ከሆነ አንዱ የተደገፈው ዕለት አይከፈትልህም።» እርሳሴን አውጥቼ በሩን ጨመርኩት፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ እኔ የሚከፈት።