ውሃ መግቢያ እንዳለው መውጫም ይኑረው

የመስኖ አውታር ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃን ወደ ማሳ ማድረስና የተረፈውን ከማሳ ማስወጣት። የመጀመሪያው ለዓይን ስለሚታይ ይመረቃል። ሁለተኛው፣ ማለትም ማጠንፈፍ፣ ብዙ ጊዜ ከዕቅድም ከበጀትም ይቀራል። ገበሬውን የሚጎዳው ግን የሁለቱም መጓደል ነው።

ውሃው ከግድብ ወይም ከወንዝ ተጠልፎ በዋና ቦይ ይመጣል። ከዚያም በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ቦዮች አልፎ ማሳ ይደርሳል። በጎጃም መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ገበሬው በተኛበት ሰዓት የሚፈሰው ውሃ እንዳይባክን የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት። እንዲህ ባለ አውታር አንድ መዝጊያ ሲሰበር ወይም ቦዩ በደለልና በአረም ሲሞላ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ከራስጌ ያለው ገበሬ እንደ ልቡ ያጠጣል፤ ከግርጌ ያለው ተራው ሲደርስ ደረቅ ቦይ ይጠብቀዋል።

ውሃ ማካፈል በኢትዮጵያ የቆየ ሙያ ነው። በጎጃም የውሃ አባት፣ በትግራይ አቦ ማይ የሚባሉት ሰዎች ተራ ያስይዛሉ፣ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣሉ፣ ተራ የዘለለውን ይዳኛሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841 ደግሞ ለማህበራቱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጣቸው። ሆኖም የማህበር ጉልበት ልክ አለው። አባላቱ የማሳ ቦይ በደቦ ይጠርጋሉ እንጂ ግድብ አይጠግኑም፤ የዋና ቦይ መዝጊያም አይቀይሩም። ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው። ድርሻው በጽሑፍ ካልተለየ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ሲጠብቅ የማጠጫው ወቅት ያልፋል።

የማጠንፈፍ ችግር በደጋና በቆላ መልኩ ይለያያል። በደጋው ዋናው ጉዳይ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በሀገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ የሰብሉ ሥር አየር ያጣል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብ ያነሣል፤ ውሃው በመደቦቹ መካከል ይወርዳል። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎችም የሀገሩን ማረሻ በማጣመር ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አዘጋጅተዋል፤ ቢቢኤም በሚል ስም ይታወቃል።

ነገር ግን መደብና ቦይ ለብቻቸው አይበቁም። ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሃ የጋራ መውረጃ ካልተቀበለው በጎረቤት ማሳ ላይ ይደፋል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል። አንድ ገበሬ የራሱን ማሳ ሊያጠነፍፍ ይችላል፤ በሃያ ሰው መሬት የሚያልፍ መውረጃ ግን ለብቻው አያወጣም። የወረዳው አገልግሎት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በቆላው ጉዳቱ ከታች ይመጣል። በአፋር መካከለኛው አዋሽ አሚባራ ለጥጥ እርሻ ብዙ ውሃ ሲለቀቅ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ተጠጋ። ውሃው የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ በአፈሩ ተስቦ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲያተነው ጨዉ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የለማ መሬት ነጭ ለብሶ ከምርት ወጥቷል። ጨው የያዘ አፈር የሚታጠበው በተጨማሪ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ደግሞ ከመሬት በታች በሚቀበር ማጠንፈፊያ ቱቦ ወይም በጥልቅ ቦይ ካልወጣ ችግሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ማጠንፈፊያው ከመስኖው ጋር አብሮ መሠራት አለበት፤ መሬቱ ከታመመ በኋላ የሚመጣ መድኃኒት ውድ ነው።

የመስኖና የማጠንፈፍ አገልግሎቱን ለማሻሻል አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የውሃ ተራው ከወቅቱ በፊት ተጽፎ ለሁሉም ይነገር። የጥገና ድርሻና የጊዜ ገደብ በማህበሩና በመሥሪያ ቤቱ መካከል በውል ይታሰር። የውሃ ክፍያ ከተሰበሰበ እዚያው አውታር ላይ ይዋል፤ ሂሳቡም በጉባኤ ይነበብ። የማጠንፈፊያ ቦይ የራሱ የጥገና በጀት ይኑረው። በቆላ አካባቢም የከርሰ ምድር ውሃ ጥልቀት በመለኪያ ጉድጓድ በየጊዜው ይታይ።

የአገልግሎቱ መለኪያ ከአውታሩ መጨረሻ ያለችው ማሳ ናት። መጋቢት ላይ ተራዋ ሲደርስ ውሃ ካገኘች፣ ነሐሴ ላይም ውሃ ካልተኛባት፣ ከእርሷ በላይ ያሉት ሁሉ ደርሷቸዋል ማለት ነው።