ገበያም ምሽትም በእግር

ከስማዳ ወረዳ ገጠር ወደ ወገዳ ከተማ ገበያ የሚመጣ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ራሱ በእግሩ ይከተላል። ከተማ ከገባም በኋላ እግሩ ይበቃዋል፤ ጨው፣ ቡና፣ የልጅ ጫማ በአንድ ዙር ይሸምታል። ማታ ጠላ ቤት ጎራ ለማለትም ታክሲ የሚያስብ የለም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ቀን መርካቶ ለመድረስ ሚኒባሱ፣ አንበሳ አውቶቡሱ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አለ። ዕቃ ተሸክሞ መመለሱ ነው ጭንቁ፤ ሰልፍና ግፊያ። ምሽት ደግሞ ይብሳል። ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ወጣት የመመለሻውን ሒሳብ እያሰላ ይቀመጣል፤ እህቶቻችን ከዋጋውም በላይ ስለ ደኅንነታቸው ይጨነቃሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ማታ ሲንሸራሸር አይቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል፤ መሃል ከተማው ለእግር ሲመች፣ በልማቱ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳር የወጡት የድሮ ነዋሪዎች በእግራቸው የማይደርሱበት ሆነ።

ወገዳም ትሰፋለች። ባጃጅ ይብዛ፤ ለታማሚና ለነፍሰ ጡር ይጠቅማል። መንገድ ሲቀየስ ግን ለእግረኛው፣ ለአህያውም ጭምር፣ ዳር ይተውለት። መብራትም ይታከልበት፤ ሸጣ እስክትጨርስ የሚመሽባት እናት አለች።